አራቱ ፊደላትና አንባቢያቸው

ፊደል የቆጠረ ሁሉ አንባቢ አይባልም። በቀድሞው የአገራችን ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ከፊደል ቆጠራ ተነሥቶ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ በኩል እስኪያልፍ ድረስ አንባቢ የሚለውን ስም አያገኝም ነበር፤ ካገኘም በኋላ ቢሆን የንባቡን ትርጓሜ ለመማር ወደ ሌላ መምህር መሄድ ነበረበት። ፊደሉን ማየት፣ ንባቡን ማቅናትና ምስጢሩን መረዳት ልዩ ልዩ ሥራዎች መሆናቸውን አባቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እኛም ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርበው ያሰብነው ነገር፣ ምንም እንኳ ከብራናና ከቀለም ዓለም የራቀ ቢመስል፣ ከዚሁ ከንባብ ሥራ የሚመደብ ነው። ይኸውም በሕያዋን ፍጥረታት ውስጥ በአራት ፊደላት የተጻፈውን የዘር ጽሑፍ በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ተራ ኮምፒዩተር እየገጣጠሙ ማንበብ ነው።

ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው ረጅም ክር ከአራት ዐይነት የኬሚካል ክፍሎች የተሠራ መሆኑን ተማሪዎቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ሊቃውንቱ እነዚህን ክፍሎች በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ ብለው ይጠሯቸዋል። ክሩ ድርብ ስለ ሆነ ኤ ባለበት ቦታ ትይዩው ቲ ነው፤ ሲ ባለበትም ትይዩው ጂ ነው። ስለዚህ አንዱን ወገን ያነበበ ሰው ሌላውን ወገን ማወቅ ይችላል፤ ከሁለቱም ወገን ያነበበ ደግሞ አንዱን ንባብ በሌላው ማረም ይችላል። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ወደ ኋላ እንደምናየው ብዙ ክርክር የሚፈታው በዚህ ነው።

ችግሩ ያለው በርዝመቱ ላይ ነው። በሳንገር ዘዴ የሚሠራ ማሽን በአንድ ጊዜ በደኅና የሚያነበው ከ700 እስከ 900 ያህል ፊደላት ሲሆን፣ የጤፍ ዘር ሙሉ ጽሑፍ ግን ከ600 ሚሊዮን ፊደላት በላይ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ አይነበብም። ነገሩን እንዲህ አድርገን ብናስበው ይቀላል፤ የአንድ መጽሐፍ ብዙ ቅጂዎች በአንድነት ተቀዳደው በአንድ አቁማዳ ውስጥ ቢገኙ፣ አንዱ ቅጂ የተቀደደበት ስፍራ ከሌላው ቅጂ ጋር ስለማይገጥም፣ የአንዱ ቁራጭ መጨረሻ በሌላው ቁራጭ መካከል ይገኛል። ትዕግሥት ያለው ሰው እነዚህን ተደራራቢ ቃላት እየፈለገ ቁራጩን ከቁራጩ ጋር ቢያያይዝ መጽሐፉን መልሶ ሊያገኘው ይችላል። ሆኖም አንድ ዐረፍተ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ደጋግሞ የሚገኝ እንደ ሆነ ያያያዡ እጅ ይሳሳታል። የብራና ጸሓፊ ዐይን ከአንድ ቃል ተነሥታ ያንኑ ቃል ወደያዘው ወደ ታችኛው መስመር እንደምትዘልና በመካከል ያለው እንደሚቀር ሁሉ፣ የዘር ጽሑፍ በሚገጣጠምበትም ጊዜ ድግግሞሽ ባለበት ስፍራ ብዙ ነገር ተውጦ ይቀራል።

የዚህን ሥራ ታሪክ በአጭሩ እንናገር፤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፍሬድሪክ ሳንገር በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ ሆኖ በስሙ የሚጠራውን የንባብ ዘዴ በ1977 አሳተመ። በዚያው ዓመት እርሱና ባልደረቦቹ ባክቴሪያን የሚያጠቃ የአንድ ቫይረስ፣ ከ5 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ፊደላት ያሉትን ሙሉ የዘር ጽሑፍ አቀረቡ። በዚያው ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሮጀር ስቴደን በ1979 ቁርጥራጭ ንባቦችን በኮምፒዩተር ፕሮግራም የማገጣጠምን መንገድ አሳየ፤ በተከታዩም ዓመት ተገጣጥመው ለወጡት ተከታታይ ንባቦች ኮንቲግ የሚለውን ስም አወጣላቸው። ስሙ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በ1995 ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ የተባለው ባክቴሪያ 1,830,137 ፊደላት ያሉት ጽሑፉ ከ24 ሺህ ከሚበልጡ ቁርጥራጮች ተገጣጥሞ ታተመ። በራሱ ከሚኖር ፍጥረት መካከል ሙሉ ጽሑፉ ሲነበብ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በ2000 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ክሩዝ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ጂም ኬንት፣ በአንድ ወር ገደማ በጻፈው ፕሮግራምና በ100 ተራ ኮምፒዩተሮች አማካይነት፣ የሰውን ልጅ የዘር ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ አገጣጠመ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር ቢኖር ሥራው የታላላቅ ማሽኖች ብቻ ሳይሆን ተቀምጦ የሚያስብ ሰውም ሥራ መሆኑን ነው።

ዛሬ በማንኛውም የቢሮ ኮምፒዩተር ላይ የሚጫኑ የማገጣጠሚያ ፕሮግራሞች አሉ። ሲኩዌንቸርና ጂኒየስ የተባሉት በገንዘብ የሚገዙ ሲሆኑ፣ ዩጂን የተባለውና የስቴደን ፕሮግራሞች ግን ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ሥራቸው በጥቅሉ ተመሳሳይ ነው። ማሽኑ ያነበበው ነገር በፊደል ብቻ ሳይሆን በአራት ቀለማት በተሣለ ሞገድ መልክ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ፊደል በሞገዱ ላይ አንድ ጕብታ ነው። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ የንባቡን ሁለት ጫፎች፣ ጕብታዎቹ የተጨማደዱበትንና የደከሙበትን ስፍራ፣ ይከረክማል። ቀጥሎ በተቃራኒው ወገን የተነበበውን ገልብጦ ከመጀመሪያው ጋር ያስተያያል፤ ተደራራቢውን ፈልጎ ያያይዛል፤ በመጨረሻም ከሁሉ የተውጣጣ አንድ የስምምነት ንባብ ያቀርባል። ለእያንዳንዱም ፊደል የመታመኛ ቁጥር ይሰጠዋል። 20 የተባለ ቁጥር ከ100 አንድ ጊዜ ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው፤ 30 የተባለ ከ1,000 አንድ ጊዜ፤ 40 የተባለ ከ10,000 አንድ ጊዜ። የተሳሳተ ሊሆን የሚችልበትን መጠን ከንባቡ ጋር አያይዞ ማቅረብ መልካም ልማድ ነው፤ ለሌላውም ንግግራችን ሁሉ እንዲህ ያለ ቁጥር በኖረልን ያሰኛል።

እነሆ እንግዲህ ወደ ራሳችን ሥራ እንመለስ። እኛ ጥቂት መምህራን ሆነን በአንድ የማስተማሪያ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንሠራለን፤ ያሉንም ኮምፒዩተሮች ሦስት ናቸው፤ መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ሥራው ይቋረጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ የጤፍን ዘር ለማጥናት ወደ እኛ መጣ። ሰውዬው በአንድ ወረዳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሲሆን፣ ለትምህርት የተሰጠው ፈቃድ በሐምሌ መጨረሻ ያበቃ ነበር። በቆርቆሮ ጣሳ አብቅሎ ከለጋው ቅጠል ዲ.ኤን.ኤ. አወጣ፤ ሁለት ስፍራዎችንም መርጦ በፒ.ሲ.አር. አበዛቸው። አንደኛው በክሎሮፕላስት ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ሁለተኛው ዋክሲ የተባለው፣ በእህል ፍሬ ውስጥ አንዱን የስታርች ዐይነት የሚሠራው ጂን ነው። ናሙናዎቹ ለንባብ ወደ ውጭ አገር ተላኩ፤ ከሳምንታት በኋላም ሞገዶቹ በኢሜይል ተመለሱ።

የክሎሮፕላስቱ ንባብ እንደ ጠራ ውሃ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ገጠሙ፤ ፕሮግራሙ በአንድ ትእዛዝ አያያዛቸው። የዋክሲው ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ አለፍ አለፍ እያለ በአንድ ፊደል ቦታ ሁለት ጕብታዎች ተደራርበው ይታዩበት ነበር፤ ከአንድ ስፍራ በኋላ ደግሞ ሞገዱ ሁሉ ተደበላለቀ። ተማሪውም፣ «መምህራን፣ ማሽኑ አበላሽቶብናል፤ የተበላሸውን ቆርጬ ልጣለውና በቀረው ላይ ደግሞ ረጅሙን ጕብታ ልውሰድ» አለን። ፕሮግራሙም ይህንኑ ያደርግለት ዘንድ የተዘጋጀ ነበር፤ አንድ ነገር መጫን ብቻ ይበቃው ነበር። ለማስረከቢያው ጊዜ የቀሩት አምስት ሳምንታት ናቸው።

እኛም፣ «ወንድማችን፣ ከመቍረጥህ በፊት በተቃራኒው ወገን የተነበበውን እይ» አልነው። አየ። ያም ንባብ ከራሱ መነሻ ጀምሮ በመጠኑ የጠራ ሆኖ መጥቶ፣ ልክ እዚያው የመጀመሪያው በተደበላለቀበት ስፍራ ሲደርስ እርሱም ተደበላለቀ። ነገሩ የማሽን ብልሽት ቢሆን ኖሮ ከሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ የመጡ ሁለት ንባቦች በአንድ ስፍራ አይሰናከሉም ነበር። ይህ የሚሆነው በናሙናው ውስጥ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ሲኖሩና አንደኛው በዚያ ስፍራ ከሌላው ጥቂት ፊደላት ሲረዝም ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ንባቦች እርምጃቸው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ላይ ይጻፋል። ሁለት ደብተሮች በአንድነት እያዜሙ አንዱ አንድ ቃል ቢጨምር፣ ከዚያች ቃል ጀምሮ ያለው ዜማ ለሰሚው ሁሉ እንደሚታወክ ማለት ነው።

ደግሞም ነገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጤፍ 40 ክሮሞሶሞች አሉት፤ እነዚህም ከሁለት ልዩ ልዩ የሣር ወገኖች የተወረሱ ናቸው። በ2020 የታተመው የጤፍ ሙሉ የዘር ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ ሁለቱ ወገኖች ከተለያዩ 5 ሚሊዮን ዓመታት ያህል ሆኗቸዋል፤ በአንድ ተክል ውስጥ ከተገናኙ ደግሞ 1.1 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ነው፤ አብዛኞቹም ጂኖች እስከ ዛሬ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገኛሉ። ይህንኑ የዋክሲን ጂን ይዘው የጤፍን ዘመዶች የፈለጉ ሊቃውንትም በ2003 ባሳተሙት ጥናት ሁለቱን ቅጂዎች ለይተው ካነበቡ በኋላ፣ ከዱር ሣሮች መካከል ኤራግሮስቲስ ፒሎሳ የተባለው ለጤፍ የቀረበ ዘመድ መሆኑን አሳይተዋል። ክሎሮፕላስት ግን በአብዛኛው ከእናት ብቻ የሚወረስ ስለ ሆነ ድርብ ንባብ አላሳየም። የተማሪያችን ሁለት ውጤቶች፣ ጥሩውም «የተበላሸው»ም፣ በአንድነት ሲታዩ ትክክለኛውን ታሪክ ይናገሩ ነበር።

ተማሪው ይህን ከተረዳ በኋላም አንድ ጥያቄ አቀረበ። «ረጅሙ ጕብታ ኤ ከሆነ ኤ ብለን ብንጽፍ ምን ይጎድላል?» አለ። ጥያቄው የስንፍና አልነበረም፤ ጊዜው ያለቀበት ሰው ጥያቄ ነበር። እኛም ሞገዱን አብረነው ፊደል በፊደል አየን። በአንዱ ቦታ ረጅሙ ጕብታ የአንደኛው ቅጂ ይሆንና፣ ከጥቂት ፊደላት በኋላ ደግሞ ረጅሙ የሌላው ቅጂ የሚሆንበት አጋጣሚ አለ፤ የጕብታ ቁመት በኬሚካሉ ጠባይና በጎረቤቱ ፊደል ዐይነት የሚለዋወጥ ነውና። እንግዲህ ረጅም ረጅሙን ብቻ እየለቀመ የሚሄድ ፕሮግራም ከዚህ ጥቂት፣ ከዚያ ጥቂት ወስዶ በየትኛውም የጤፍ ማሳ ላይ በቅሎ የማያውቅ ጽሑፍ ያወጣል። የመታመኛ ቁጥሩም የሚያምር ሊሆን ይችላል። የሚጎድለው ነገር ይህ መሆኑን ነገርነው።

በዚህ ላይ የአባቶችን ልማድ ማስታወስ ተገቢ ነው። የትርጓሜ መምህራን አንድ ንባብ ሁለት መንገድ ሲኖረው አንዱን ደብቀው ሌላውን አያስተምሩም ነበር፤ የመጀመሪያውን ካስረዱ በኋላ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ያስከትላሉ። የዘር ንባብም የራሱ «አንድም» አለው። ኤ ወይም ጂ ለሚሆን ቦታ አር፣ ሲ ወይም ቲ ለሚሆን ዋይ፣ ከአራቱ የትኛው እንደ ሆነ ለማይታወቅ ኤን የሚል ምልክት በዓለም ሁሉ ስምምነት ተወስኖለታል። በእነዚህ ምልክቶች የሞላ ጽሑፍ ለዐይን ደስ አይልም፤ ነገር ግን የሚለውን ነገር በትክክል ይላል።

ምልክቱን ጽፎ መተው አንድ መንገድ ነበር። ተማሪው ግን ሁለቱን ቅጂዎች ለመለየት ወሰነ። ይህም የሚሆነው የበዛውን ዲ.ኤን.ኤ. በባክቴሪያ ውስጥ በማስገባት ነው፤ እያንዳንዱ የባክቴሪያ መንደር አንድ ቅጂ ብቻ ስለሚይዝ የተደባለቀው ይለያል። ብዙ መንደሮች ተለቅመው እንደገና ለንባብ ተላኩ። ንባቦቹ ተመልሰው ሲመጡ ፕሮግራሙ ሁሉንም በአንድ ኮንቲግ ጠቅልሎ አቀረባቸው። ምክንያቱም ፕሮግራሙ ሲከፈት በልማዱ ከ100 ፊደላት 85ቱ የተመሳሰሉለትን ሁሉ እንደ አንድ ስለሚቆጥር ነው፤ ሁለቱ ቅጂዎች ደግሞ ከዚያ በጣም አብልጠው ይመሳሰላሉ። መስፈርቱ ወደ 99 ከፍ ሲል ንባቦቹ በሁለት ወገን ተከፈሉ። ሁለት መንደሮች ብቻ ግማሻቸው ከአንዱ፣ ግማሻቸው ከሌላው ወገን ሆነው ተገኙ፤ እነዚህ በፒ.ሲ.አር. ጊዜ የተዳቀሉ ስለ ሆኑ ተለይተው ወጡ። አንድ መንደር ብቻ አንብቦ የረካ ሰው ቢሆን ኖሮ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ይወድቅ ነበር።

ይህ ሁሉ ሦስት ወር ፈጀ። የተማሪው ፈቃድ አለቀ። ወደ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፍንለት፤ የተሰጠው መልስ ያለ ደመወዝ ሁለት ወር እንዲቆይ የሚፈቅድ ነበር። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ያንን ክረምት በዘመድ እጅ አለፉት። እኛ ይህን የምንጽፈው ለማስመረር አይደለም፤ አንዲት ፊደል በትክክል እንድትነበብ የሚከፈለው ዋጋ በወረቀት ላይ ስለማይታይ ነው። በመጨረሻው ጽሑፉ ውስጥ ያ ክረምት አንድ አንቀጽ ብቻ ሆኗል።

ዋጋው ከንቱ አለመሆኑን የምናውቀው የተነበበው ጽሑፍ የሚሄድበትን ስፍራ ስናስብ ነው። የሚታተሙ የዘር ንባቦች አብዛኛውን ጊዜ ለዓለም ክፍት በሆነ የሰነድ ቤት ይመዘገባሉ፤ ከዚያም ሌላው ተመራማሪ የራሱን ንባብ ከእነርሱ ጋር እያስተያየ ይሠራል። አንድ የተዛባ ቅጂ በገዳም ዕቃ ቤት ገብቶ ሌሎች ደብሮች ከእርሱ እየገለበጡ ቢጽፉ ስሕተቱ ወንዝ ተሻግሮ እንደሚሄድ ሁሉ፣ በዚያ የሰነድ ቤት የገባ የተሳሳተ ንባብም ተጠቃሽ ምስክር ይሆናል። ስለዚህ የስምምነቱን ንባብ ብቻ ሳይሆን ዋናውን ሞገድም አብሮ ማስቀመጥ ይገባል፤ ነገ የሚጠራጠር ሰው ተመልሶ ያይ ዘንድ።

በእርግጥ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር አቅም የተወሰነ ነው። አንድ ጂን፣ አንድ ክሎሮፕላስት፣ አንድ ባክቴሪያ ማገጣጠም ይችላል፤ የጤፍን ሙሉ ጽሑፍ ለማገጣጠም ግን እጅግ የላቀ ኀይል ያለው ማሽን ያስፈልጋል። ፀደይ የተባለው የጤፍ ዝርያ በ2014 ከስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ በመራው ጥናት፣ ዳቢ የተባለው ደግሞ በ2020 በአሜሪካ በተመራ ጥናት ታትመዋል። እነዚህ ለእኛም የሚጠቅሙ መልካም ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን በ1976 በተቋቋመው የአገራችን የዘር ማከማቻ ውስጥ ከ5 ሺህ የሚበልጡ የጤፍ ናሙናዎች ተቀምጠዋል፤ ሁለት የጤፍ ዝርያዎች ተነበቡ ማለት ከአንድ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ሁለት መጻሕፍት ተገለጡ ማለት ነው። የቀሩትን እያንዳንዷን ጂን እየለዩ ማንበብ ትልቅ ማሽን አይጠብቅም።

ዘሩን መጠበቅና ዘሩን ማንበብ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን የሚያስታውስ አንድ ነገርም አለ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር፤ መብቱ በዚያው አገር በሄግ ፍርድ ቤት የተሻረው በ2018 ነው። በክርክሩ መብቱን የተቃወመው በዚያው ገበያ የሚሠራ ሌላ ኩባንያ እንጂ አገራችን አልነበረችም። የክርክሩ ነገር ዱቄት እንጂ ፊደል አልነበረም፤ ቢሆንም በሌላ ጊዜ ክርክሩ በፊደል የመጣ እንደ ሆነ፣ «ይህ በእኛ ማሳ የነበረ ነው» ለማለት የሚቻለው ቀድሞ ያነበበ፣ በትክክል ያነበበና ያነበበውን በሰነድ ያኖረ ሰው ሲገኝ ነው።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ያላችሁ አንባብያን፣ አንድ መምህር ለንባብ ሥራ ተጨማሪ ወር ሲጠይቅ የሚዘገየው በስንፍና ነው ብላችሁ አትፍረዱበት። መምህራንም ለተማሪዎቻችን የፕሮግራሙን ቁልፎች ከማሳየታችን በፊት ሞገዱን በዐይናቸው እንዲያነቡ ማስለመድ ይገባናል። እናንተም ተማሪዎች፣ በጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ማሽን ከእናንተ ይልቅ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ጕብታዎች በተደራረቡበት ስፍራ ሲደርስ ለመቆም አያውቅም። እዚያ ላይ ቆሞ «አንድም» ማለት የእናንተ ድርሻ ነው።